ጠብ

በባስራ ነሐሴ፣ በአሻር ሰፈር፣
ጥላው ራሱ ጥላ ፍለጋ ሲዞር፣
ፍለይህ ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ቤት ማብረድ፣
የራሴን ላብ ይዤ ደረጃ መውጣት መውረድ።

መምህርት ናዲራ ደወለች ገና በጠዋት፦
«ኤሲው ማጓራት ብቻ ሆነ፤ ድረስልኝ፣ ሞትኩ በሙቀት!»

ወንፊቱን ስስበው የሁለት ዓመት አቧራ፤
ብርድ ልብስ የለበሰ እንዴት ብርድ ይሥራ?
አጠብሁት በቧንቧ፤ የከተማችን ቧንቧ ግን ጨው ነው፣
ባሕሩ ሽቅብ ወጥቶ ወንዙን ከቀመሰው፣
ለሻይ አይሆን፣ ለተክል አይሆን፤ ከእንባ ጋር ነው የሚዛመደው።

ከዚያ ወደ ጣሪያ። የዚህ ዕቃ ጠባይ
የተረቱ ግልባጭ ነው፤ የቤት አልጋ፣ የውጭ ቀጋ፤
ውስጡን ባበረደ ቁጥር መንገደኛውን በእሳት ሲወጋ።
ዛሬ ግን አይወጋም። ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣
ሊነሣ ይልና መልሶ ይተኛል።
ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ልቡ ደህና ነው፣ ጉልበት አጣ፤
ካፓሲተሩ አብጦ ሆዱ እንደ ከበሮ ወጣ።

መብራቱን አጠፋሁ። ወንድሜ አላጠፋም አንድ ቀን፤
ዛሬም ሻዩን ሲያማስል አናይም ቀኝ እጁን።
ደግሞ ያ ነገር መብራት ጠፍቶም ቂም ይይዛል፤
ቂሙን ሳያስተፉ የነካው ይቀጣል።
አስተፋሁት። አዲሱን ገጠምሁ። አንዴ ሳለ፣ አንዴ አነጠሰ፤
ነፍስ ዘራ፣ ነፋስ ዘራ፣ ቤቱ ተነፈሰ።

«ጋዝስ አትሞላበትም?» አለች፤ ሁሉም ሰው የሚለው ነው።
ጋዝ ጠጥቶ አይጨርስም እኮ መሣሪያው፤
ካልተቀደደ አይጎድልም፤ ከጎደለ ቀዳዳ አለው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ቱቦው። በረንዳው ጫፍ ላይ ተሰንጥቆ
ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፣ የግድግዳውን ቀለም አውልቆ።
«ሦስት በጋ በእልህ ትቼው ነበር፣ ከታች ሐስና ስትሰድበኝ፤
አሁንስ ታከተኝ። ዝጋው፤ ከጠብታው ጋር ጠቡም ይቁምልኝ።»

ደፈንሁት፣ ጠመጠምሁት፣ በማሰሪያ አጥብቄ፣
ወደ ፍሳሹ መራሁት። ወረድሁ፣ ሥራዬን አድንቄ።

ታች በሩ ተከፈተ።
አሮጊት፤ በእጇ ባልዲ፤ ባልዲው ባዶ።
«አንተ ነህ የነጠቅኸኝ?»
ከኋላዋ በዘይት ጣሳ የበቀለ ሎሚ፣
ሦስት ፍሬ፣ አንዷ ገና አረንጓዴ፣ እንደ ሕፃን ጡጫ።
«በዚህ ከተማ ጨው ያልነካው ውሃ ከላይ የሚወርደው ብቻ፤
ጠብ እስኪል ጠብቄ፣ በጣሳ ለክቼ፣
ይህን ዛፍ ያሳደግሁት ከሴትየዋ ጋር ተጣልቼ።»

«ታዲያ ምነው ብትነግሪያት?»
ሳቀች፤ ሁለት ጥርስ ነው የቀራት።
«ወድጄዋለሁ ብላት ትነፍገኛለች፤
ብሰድባት ግን ለእልህ ትተወዋለች።
ልጄ፣ ሎሚውን በስድብ ነው ያጠጣሁት።
አንዳንድ ቀን ስድብ ሲያልቅብኝ የእናቴን ተዋስሁት።»

ቆምኩ። ከሳጥኔ ሥር አራት ሜትር ቱቦ ነበረኝ፤
ለሌላ ቤት የገዛሁት። ደረጃው እንደገና አስለፈለፈኝ።

«ምን ረሳህ?» አለች ናዲራ፣ ከነፋሱ ሥር ፊቷን ቀና አድርጋ።
«ቱቦው ይረዝማል።» «እስከ የት?» «እስከ ባልዲ።»
ዝም አለች።
ወደ በረንዳው ሄዳ አጎንብሳ ቁልቁል አየች፤
ከታች አንዲት ሴት ቀና ብላ፣ ስድብ አዘጋጅታ፣ ሳትሳደብ ቆማለች።

«ሎሚ ነው እንዴ? እኔ እኮ አረም መስሎኝ…
ጠቡስ? እሱን ትጠግንልኛለህ?» አለችኝ።

«እሱ የኔ ሙያ አይደለም» አልኋት፣ የቱቦውን ጫፍ ቁልቁል እየለቀቅሁ።
ሒሳቡ ላይ ቱቦውን አልጨመርሁ።
ሐስና ባልዲውን ወደ ግራ ገፋች፤ ጥቂት ጠበቅን፤ ሦስታችንም።
ጠብ።